ፈረስ ገዝታችሁ ግራ ለገባችሁ፦ እቃውን ከየት እናገኛለን፣ መግራቱን ከየት እንጀምራለን

አንድ ጓደኛዬ ፈረስ ሊገዛ ሲነሳ ከፈረሱ ቀድሞ የገዛው ምን መሰላችሁ፣ ቀይ ዘርፍ ያለው ግላስ፣ ማለት ፈረሱ ላይ ሚደረበው የጌጥ ልብስ፣ እና አንገት ላይ ሚታሰር ቃጭል። ፈረሱ መጣ፣ ገና ሰው የማያውቅ የ3 ዓመት ዳማ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ያንን ሁሉ ጌጥ ጭነውበት ከግቢ ሊያወጡት ሲሉ በራሱ ቃጭል ደንግጦ የቆርቆሮውን አጥር ይዞት ሄደ። ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምሩላት ሚባለውን ተረት በአይናችን አየነው። ፈረሱ ደህና ነው አሁን፣ አጥሩ ግን ተቀይሯል።

ስለዚህ ይሄን ምጽፈው አዲስ አበባና ዙሪያዋ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ቢሾፍቱ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሆናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ ለያዛችሁ ወይ ለመያዝ ላሰባችሁ ነው። ሁሉም ሰው ሚጠይቀኝ "የፈረስ እቃ ሱቅ የት አለ?" ብሎ ነው። አንድ ቤት ገብታችሁ ሁሉን ሸምታችሁ ምትወጡበት ሱቅ እኔ አልገጠመኝም፣ እቃው ግን አለ፣ ችግሩ አንዱ ገመድ ተራ ነው፣ አንዱ አንጥረኛ ጋ፣ አንዱ ገበሬ ቤት፣ አንዱ ደግሞ የእንስሳት መድኃኒት ቤት። ምን እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ በሁለት ቅዳሜ ይሞላል። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ ብጽፈው ሳምንት ውሸታም ሆኜ ነው ምገኘው።

ከእቃው በፊት ፈረሱን በደንብ እዩት

ገና ካልገዛችሁ ገበያ ላይ፣ ከገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ግቢያችሁ ውስጥ ይሄን አድርጉ። አፉን ክፈቱና የፊት ጥርሱን እዩ። ፈረስ የመሃሎቹን ሁለት የወተት ጥርስ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀይራል፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉትን በ3 ተኩል፣ የዳር የዳሮቹን በ4 ተኩል፣ 5 ሲሞላው ሁሉም ቋሚ ጥርስ ሆኗል ማለት ነው። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጣ ያለ ነው፣ ቋሚው ትልቅና ቢጫ ቢጤ። ሻጩ "5 ዓመቱ ነው ዝም ብለህ ጋልበው" ብሎ የዳሩ ጥርስ ገና የወተት ከሆነ ልጅ ነው እየሸጠላችሁ ያለው። የፈረስ አከርካሪ እስከ 5 ዓመት አልፎም እድገቱን አይጨርስም፣ ስለዚህ በ2 ዓመቱ ሰው የተጫነበት ፈረስ ያኔ ምንም አይመስለውም፣ በ8 ዓመቱ ነው ወገቡ ሚጠይቃችሁ።

ቀጥሎ ጀርባውን ዳብሱ። ጫንቃው አካባቢ በጥቁር ወይ በዳማ ቆዳ መሃል ነጭ የነጠብጣብ ጸጉር ካለ ያ ውበት አደለም፣ የዳነ ገጣባ ነው፣ መጥፎ ኮርቻ ቆዳውን ገድሎት ጸጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለበት። ገጣባ የነበረው ፈረስ አይገዛም አልልም፣ ኮርቻ ስታሳዩት ጆሮውን ወደኋላ ቢያጣብቅ ግን ምክንያት አለው፣ ክፉ ስለሆነ አደለም።

ከዛ እግሩንና አንገቱን በእጃችሁ ሂዱበት። ከቆዳው ስር እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተከታትለው የተደረደሩ እብጠቶች፣ በተለይ ፈንድተው መግል ሚያወጡ ካሉ እጃችሁን ታጠቡና ወደኋላ ተመለሱ። በወይናደጋ የጋሪ ፈረሶች ላይ በጣም የተለመደ የፈንገስ በሽታ ነው፣ በቁስል፣ በዝንብና በተበከለ እቃ ይተላለፋል። ይሄን እዚህ ያነሳሁት ወደታች ስለ አሮጌ ኮርቻ ስናወራ ስለሚያስፈልገን ነው፣ አትርሱት።

ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፣ ከዛ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ፣ ሁለቱም በሳንቲሜትር። ደረቱን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ፣ ኪሎ ይመጣላችኋል። ለምሳሌ ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ ወደ 230 ኪሎ ነው፣ የሀገራችን ፈረስ እዛው አካባቢ ነው ሚውለው።

ይሄ ቁጥር ለመድኃኒት መጠንም ለመኖም ያስፈልጋል፣ ግን ሰው መስማት ማይወደው ነገር ደግሞ አለ። በአጠቃላይ ሚመከረው ፈረስ ከነኮርቻው ከክብደቱ 20 ፐርሰንት በላይ ባይሸከም ነው። 230 ኪሎ ፈረስ ማለት 46 ኪሎ! አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አያቶቻችን 70 ኪሎ ሆነው ጋሻና ጦር ይዘው ነው የጋለቡት። ያም ሆኖ እኔ ሚዛኔ 80ን ሲያልፍ ትንሹን ፈረስ ለእህቴ ልጅ ለቀቅኩ። ከባድ ሰው ከሆናችሁ ደረቱ ሰፊ፣ አጥንቱ ወፍራም ፈረስ ፈልጉ፣ የሰላሌ ፈረሶች ለግልቢያ ስማቸው የወጣው በከንቱ አደለም፣ ረጅም መንገድ ደግሞ አትጫኑበት።

መኖ፣ ይሄ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ

ፈረስ ከብት አደለም። አያመሰኳም፣ ጨጓራው ትንሽ ነው፣ ማስታወክ ደግሞ ጭራሽ አይችልም፣ ስለዚህ የበላው ነገር ካልተስማማው መውጫ የለውም፣ ቁርጠት ሆኖ ይጥለዋል። ብዙ ሰው ለላም ሚሰጠውን ነው ለፈረስም ሚሰጠው፣ እዛ ላይ ነው ሚሳሳተው።

ዋናው ምግቡ ድርቆሽ ነው። በቀን ከክብደቱ 2 ፐርሰንት አካባቢ፣ ለ230 ኪሎው ፈረስ ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ ድርቆሽ፣ ያውም በአንዴ ሳይሆን ሶስት አራት ቦታ ተከፋፍሎ። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የታወቀ ነው፣ ሳሩ ታጭዶ ሚከመረው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ህዳር ላይ ስለሆነ ያኔ የዓመቱን ግዙ፣ ግንቦት ላይ የቀረውን ለቃቅሞ በእጥፍ ሚሸጥላችሁ ሰው አታጡም። ስትገዙ ከእስሩ መሃል ጭብጥ አውጡና አሽትቱ፣ ሻይ ቅጠል ሻይ ቅጠል ሚል ደስ ሚል ሽታ ካለው ጥሩ ነው፣ የጓዳ ሻጋታ ከሸተተ ወይ ስታራግፉት ነጭ አቧራ ከበነነ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ፌስታልና ሽቦም ፈትሹ፣ ይሄ የመንገድ ዳር ድርቆሽ የማይቀርለት ችግር ነው።

የጤፍ ጭድ ሆድ መሙያ ነው፣ ብቻውን ፈረስ አያቆምም። ስራ ለሚሰራ ፈረስ ገብስ ወይ አጃ ከ1 እስከ 2 ኪሎ በሁለት ተከፍሎ፣ ገብሱ ፈርከስ ፈርከስ ቢል ይሻላል፣ ከፉርሽካ ጋር ትንሽ ውሃ ነካ አድርጋችሁ። ፋጉሎ እፍኝ ሁለት እፍኝ ይበቃል። አሞሌ ጨው በረቱ ግድግዳ ላይ ስቀሉለት፣ ሲፈልግ ይልሳል። ውሃ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ በሙቀትና በስራ ከዛም በላይ። መኖ ስትቀይሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ፣ አንድ ቀን ጭድ በልቶ በማግስቱ ሙሉ ባልዲ ገብስ የተሰጠው ፈረስ ነው ሌሊት ሐኪም ሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ ልናገር፦ የዶሮ መኖ ለፈረስ አትስጡ። አንዳንዱ የዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ሚባለውን የዶሮ የአንጀት በሽታ ለመከላከል ሚገባ ሞኔንሲን ሚባል መድኃኒት አለ፣ ለዶሮ ምንም አይላትም፣ ፈረስን ግን በትንሽ መጠን የልብ ጡንቻውን አጥፍቶ ይገድለዋል። መኖ ቤት ስትሄዱ ጆንያው ተቀላቅሎ እንዳይሰጣችሁ፣ የዶሮ መኖ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ የተረፈውን ገለባ "ለፈረስህ ይሁን" ቢሏችሁም አመስግናችሁ እለፉ።

እቃው፣ ምን ከየት

መጀመሪያ ሚያስፈልጋችሁ ኮርቻ አደለም፣ ገመድ ነው። ወፈር ያለ ለስላሳ የጥጥ ገመድ መርካቶ ገመድ ሚሸጡበት ጋ 12 ሜትር ግዙ፣ ከሱ ላይ የራስ ማሰሪያ፣ 3 ሜትር መሳቢያ፣ የቀረው 7 ሜትር ገደማ በክብ ማዞሪያ ይሆናችኋል። ናይለን ርካሽ ነው፣ ግን ፈረሱ ሲስብ መዳፋችሁን ይልጠዋል፣ የሱንም አፍንጫ ያቃጥለዋል። ሲባጎ ጭራሽ አይሆንም። አፍንጫው ላይ ሚያርፈው የገመድ ክፍል ከፊቱ አጥንት ላይ እንጂ ወደታች ወደ ለስላሳው የአፍንጫ ጫፍ እንዳይወርድ፣ ሁለት ጣት ያስገባ።

የሰኮና መጥረጊያ ሚሸጥ አላገኘሁም፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ አንዱን አንጥረኛ በ8 ቁጥር ፌሮ ጫፉን አጥፎና አደንዝዞ እንዲሰራልኝ ለመንኩት፣ እየሳቀ በአስር ደቂቃ ሰራው። ጫፉ ስለት እንዳይሆን ብቻ። ብሩሽ ደግሞ ጠንካራ የልብስ ብሩሽ ለገላው፣ ለስላሳ ጨርቅ ለፊቱ፣ በቃ።

ልጓም ላይ ጠንቀቅ በሉ። የድሮው የሀገራችን ልጓም ብዙ ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን ሚይዝ ቀለበት አለው፣ ለጦር ሜዳ የተሰራ ነው፣ በአንድ እጅ ጦር ይዞ በሌላው ፈረሱን በቅጽበት ለማቆም። ልምድ ባለው እጅ ጥሩ ነው፣ በጀማሪ እጅ ግን የፈረሱን አፍ ይሰብራል። ለመጀመሪያ መሃሉ ላይ ሚታጠፍ ተራ ብረት፣ ግራና ቀኝ ቀለበት ያለው ይበቃችኋል፣ ጎን ለጎን ከከንፈሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ትርፍ ይኑረው። አንጥረኛ የሰራው ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ምላሳችሁን ሳይሆን ጣታችሁን ሂዱበት፣ የጎረበጣችሁ ቦታ ሁሉ አፉን ይቆርጠዋል፣ በሞረድ ይለሰልሳል።

ኮርቻ። የእኛ ኮርቻ ከእንጨት ሁለት ሳንቃ ተሰርቶ በቆዳ ሚለበጥ፣ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ ነው፣ በትክክል ከተሰራ ሁለቱ ሳንቃዎች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያርፉና አከርካሪው ላይ ምንም አይነካም። በትክክል ከተሰራ! ቆዳ ሰሪ መርካቶም አለ፣ ግን እኔ ምመክረው ፈረስ በእርግጥ ከሚጋለብበት ሀገር መግዛት ነው፣ ሰላሌ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ሩቅ መሄድ ካላስቸገራችሁ ደግሞ አዊ። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ቀን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር ሚያከብረውን በዓል ሄዳችሁ እዩ፣ ማህበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ እዛ ኮርቻ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጠፍር፣ ማለት ኮርቻውን ሆዱ ስር ሚይዘው ማሰሪያ፣ የት እንደሚያልፍ፣ ምን አይነት ግላስ ከምን ጋር እንደሚሄድ በአንድ ቀን ምታዩት ዓመት ቪዲዮ ብታዩ አታገኙትም። የጠየቃችሁት ሁሉ ይነግራችኋል፣ በአክብሮት "ጋሼ ይሄን ከየት አሰሩት?" ማለት ብቻ ነው።

ኮርቻውን ያለ ምንም ጨርቅ ባዶ ጀርባው ላይ አስቀምጡና ጫንቃውና የኮርቻው ፊት መካከል ሶስት ጣት ይገባል ወይ እዩ። ካልገባ አይሆንም፣ ጨርቅ ደራርበን እናስተካክለዋለን ሚባለው ጠባብ ጫማ ላይ ሁለት ካልሲ እንደማድረግ ነው። ከስሩ የሱፍ ነገር አድርጉ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ወይ ባና አራት አጥፎ ማስቀመጥ፣ ላብ ይጠጣል። የማዳበሪያ ጆንያ አታድርጉበት፣ ያፋፍቃል። ከዛ 20 ደቂቃ ከጋለባችሁ በኋላ አውርዳችሁ የላቡን ቅርጽ እዩ፣ ዙሪያው ረጥቦ መሃሉ ላይ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ እዛ ጋ ኮርቻው አጥብቆ ስለተጫነ ላብ እንኳን አልወጣም ማለት ነው፣ የሚቀጥለው ገጣባ እዛ ነው።

እርካብ ላይ ደግሞ አንድ ማታውቁት አደጋ አለ። ድሮ ባዶ እግሩን ሚጋልብ ሰው አውራ ጣቱን ብቻ ስለሚያስገባ እርካቡ ትንሽ ቀለበት ነበር። አሁንም እንደዛ አይነት ሚሸጥ አለ፣ ቆንጆ ነው፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ጫማ ላደረገ ሰው እርካቡ ከጫማው ጎን ለጎን 2 ሳንቲሜትር ያህል ሚሰፋ መሆን አለበት፣ እግር ተሰክቶ ከወደቃችሁ ፈረሱ እየጎተታችሁ ነው ሚሄደው። ጫማውም ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን፣ ስኒከር አያድርጉ ሚባለው ለዚህ ነው።

አሮጌ እቃ በቴሌግራም ወይ ከጋሪ ሰው ስትገዙ የላይኛውን የመቁጠሪያ እብጠት አስታውሱ። ጨርቅ ነክ የሆነውን አቃጥሉት፣ አትጠቡት አቃጥሉት፣ ቆዳውን በሳሙና አጥባችሁ በበረኪና ውሃ ጠርጋችሁ ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን አቆዩት፣ ሲደርቅ ቅባት ስጡት። ከምን ፈረስ ላይ እንደወረደ ማይነግራችሁን ሰው እቃ ግን ተዉት።

ውጭ ዘመድ ያላችሁ፣ አሜሪካ ወይ አውሮፓ፣ ኮርቻ አምጡልኝ እንዳትሉ። የነሱ ኮርቻ ለትልልቅ ፈረስ ነው ሚሰራው፣ የኛ ፈረስ ጫንቃው ላይ 130 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ሰፍቶት ጀርባው ላይ ይዋኛል። ሻንጣ ውስጥ ትንሽ ቦታ ሚይዝ ነገር ጠይቁ፣ የራስ ማሰሪያ በፖኒ ሳይዝ፣ የሰኮና ሞረድና የመጋለቢያ ሄልሜት። ሄልሜቱ እስኪመጣ የብስክሌትም ቢሆን አድርጉ፣ ከምንም ይሻላል።

ውሻና ድመትም ላላችሁ

ፈረስ ያለበት ግቢ ውሻ አይጠፋምና አጠር አድርጌ። የውሻና የድመት ደረቅ ምግብ ቦሌና ሌሎች ትልልቅ ሰፈሮች ሱፐርማርኬት ውስጥ ይገኛል፣ አንዳንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤትም ይይዛል፣ ግን ብዙዎቻችን ከሉካንዳ ትርፍራፊ ነው ምንመግበው። ችግር የለውም፣ ግን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ፣ ከበግና ከከብት ሆድ ዕቃ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ደግሞ ወደ ሰው ሚዞር ትል አለ፣ ሰው ጉበት ላይ የውሃ ከረጢት ይሰራል። ቀቅሉት፣ አበቃ። የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ። ለከብት መዥገር ሚረጨውን ፈሳሽ ደግሞ ድመት ላይ እንዳታደርጉ፣ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ድመቷን ይገድላታል።

ሐኪም ከመታመሙ በፊት

የአካባቢያችሁን ወረዳ ወይ ክፍለ ከተማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ፈረሱ ጤነኛ እያለ ያዙ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዛው ነው፣ የክትባት ማምረቻውም እንደዛው። በተለይ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት፣ ይሄ ከክረምት መውጫ ጋር ተያይዞ በጣም ትንሽ በሆነች ዝንብ ሚተላለፍ፣ ፈረስ በቀናት ውስጥ ሚጥል ነው፣ እና ቴታነስ፣ ፈረስ ለቴታነስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ደካማው ነው፣ አንድ የዛገ ሚስማር ይበቃዋል።

ጤነኛ ፈረስ እንዴት እንደሆነ እወቁ፦ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5፣ የልብ ምት ቆሞ ሳለ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሽ ከ8 እስከ 16። ድዱን በጣት ጫን ብላችሁ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ሮዝነቱ ይመለሳል። ሆዱን እየዞረ ካየ፣ መሬት ከጫረ፣ ከተኛ ከተነሳ፣ ፋንድያ ካልጣለ፣ ቁርጠት ነው፣ ምግቡን አንሱና ደውሉ። አረቄ ወይ ዘይት በአፍንጫው አታፍስሱ፣ ሳንባው ውስጥ ነው ሚገባው።

መግራት

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ሰዎች ፈረስ ሚገሩት በሁለት መንገድ ነው፣ አንዱ አድክሞና አስፈራርቶ ነው፣ ሶስት ሰው ይይዘዋል አንዱ ይወጣበታል፣ እስኪደክመው ይዘላል፣ በቃ ተገራ ይባላል። ይሄ ይሰራል፣ ውሸት አልናገርም፣ በአንድ ቀን ይሰራል። ግን የተማረው ነገር ሰው ሲወጣበት መደንገጥ ነው። ሌላኛው መንገድ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፣ በቀን 15 እና 20 ደቂቃ ብቻ። እኔን ይሄን ያስተማሩኝ የሱሉልታ አዛውንት ናቸው፣ "አባባ ለምን አይመቱትም?" ብላቸው "ልጄ፣ ነገም እኮ አብረን ነን" አሉኝ።

ሁሉም ነገር የቆመው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ፈረስ ሚማረው ስትጫኑት ሳይሆን ስትለቁት ነው። ገመዱን ትስባላችሁ፣ አንድ እርምጃ ሲመጣ ወዲያው ትለቃላችሁ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ። አምስት ሰከንድ ቆይታችሁ ከለቀቃችሁ ለምን እንደለቀቃችሁት አያውቅም፣ ያኔ እየሰራ የነበረውን ነገር ነው ሚማረው፣ ጭንቅላቱን እየወረወረ ከነበር መወርወርን። ሰው "ፈረሴ እምቢተኛ ነው" ሲለኝ በአብዛኛው እጁ ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያ ሶስት አራት ቀን ምንም አታሰሩት። ድርቆሹን ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን ነካኩ፣ ድምጻችሁን ይልመድ። ስትቀርቡት ከትከሻው በኩል፣ እያወራችሁ። ፈረስ ዓይኑ ጎንና ጎን ስለሆነ ዙሪያውን ለማለት ያህል ያያል፣ ማያየው ልክ ከጭራው ጀርባና ልክ ከግንባሩ ፊት ያለውን ነው፣ ሁለቱም ቦታ ድንገት አትገኙ። ግንባሩን መታ መታ ሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ እሱ ማያየው ቦታ ላይ ነው እጃቸው ሚመጣው፣ አንገቱንና ጫንቃውን እከኩለት ይልቅ፣ ፈረሶች እርስ በርስ ሚተካከኩት እዛ ነው።

ከዛ የራስ ማሰሪያውን አልብሱትና ሶስት ነገር አስተምሩ፣ ና፣ ቁም፣ ወደኋላ። ከጎኑ ቆማችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትቆማላችሁ፣ አብሮ ካልቆመ ገመዱን ነካ፣ ሲቆም ልቀቁ። ወደኋላ ደረቱ ላይ በጣት ጫን፣ ግማሽ እርምጃም ብትሆን ልቀቁ። ቀጥሎ ታፋው ላይ በጣት ጫን አድርጋችሁ የኋላ እግሩን ወደጎን እንዲያሻግር፣ በሁለቱም ጎን። ይሄን ቀላል ነገር አትናቁት፣ ወደፊት ፈረሱ ሲደነግጥና ሊሮጥ ሲል ምታቆሙት በዚሁ ነው፣ የኋላ እግሩ ወደጎን ከሄደ ሞተሩ ጠፋ ማለት ነው። በግራ የተማረውን በቀኝም እንደ አዲስ ማስተማር አለባችሁ፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ወር ሙሉ በግራ ብቻ አሰልጥኜ በቀኝ ስመጣበት እንደ እንግዳ አየኝ።

እግር ማንሳት በየቀኑ። ከትከሻው እጃችሁን እያንሸራተታችሁ ውረዱ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያዝ፣ ሲያነሳ ለሁለት ሰከንድ ያዙና እናንተ አውርዱት፣ ነጥቆ ሳይሆን። በሁለተኛው ሳምንት በፌሮው መጥረጊያ ከተረከዝ ወደ ጣት አቅጣጫ መጥረግ ትችላላችሁ፣ መሃል ላይ ያለውን ባለ ሶስት ማዕዘን ለስላሳ ነገር አትውጉት። ሰኮናውን ሚሞርድ ሰው በየ6 እስከ 8 ሳምንት።

ሶስተኛው ሳምንት አካባቢ ለሀገራችን ኑሮ ማዘጋጀት ነው። ፌስታል፣ ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ቆርቆሮ። ነገሩን ከሩቅ አሳዩት፣ ሲደነግጥ ወደሱ አትግፉ አትሽሹም፣ እዛው ርቀት ላይ ጠብቁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ሲያደርግ ወይ ከንፈሩን ሲልስ አርቁለት። ይሄ ነው እንግዲህ የጓደኛዬ ቃጭል ላይ የጎደለው፣ ቃጭሉን ሳምንት ሙሉ በእጁ ይዞ ድርቆሽ እየሰጠው ቢያንቃጭልለት ኖሮ አጥሩ አይሄድም ነበር። ጥምቀት ላይ ይዤው እወጣለሁ ምትሉ ደግሞ ከበሮና እልልታ በስልካችሁ ቅዱና ከዝቅተኛ ድምጽ ጀምሩ።

በ7 ሜትሩ ገመድ በክብ ማዞር ቀጥሎ፣ በእርምጃ፣ ከዛ ሶምሶማ፣ በእያንዳንዱ ጎን 5 ደቂቃ ቢበዛ። ክብ መዞር መገጣጠሚያ ይጎዳል፣ ሰዓት ሙሉ ሚያዞሩ አሉ፣ አታድርጉ።

ኮርቻ ስትጭኑ መጀመሪያ ባናውን ብቻ፣ እያወረዳችሁ እየመለሳችሁ። ከዛ ኮርቻውን ቀስ ብላችሁ አሳርፉ፣ ከላይ አትጣሉት። ሆዱ ስር ሚያልፈውን ጠፍር በሶስት ጊዜ አጥብቁ፣ ትንሽ፣ ዞር ዞር አድርጉት፣ ትንሽ፣ እንደገና ዞር፣ ከዛ ሙሉ። በአንዴ ስትጎትቱት ሚዘል ፈረስ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ልጓሙን ከመጠቀማችሁ በፊት ለቀናት አፉ ውስጥ ይዞት እንዲያኝከው ብቻ ተዉት፣ ዛቡን፣ ማለት በእጅ ሚያዘውን የልጓሙን ማሰሪያ፣ አትሳቡበት፣ ማታ ብርዱ ላይ ከሆነ ብረቱን በእጃችሁ አሙቁት፣ የደብረ ብርሃንን ጠዋት ብረት አፌ ውስጥ ማን ቢያደርግልኝ እኔም እምቢ እላለሁ።

የመጀመሪያው መውጣት ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ፈረሱ ሚወደው ሰው ገመዱን ይይዛል። ድንጋይ ወይ በርጩማ ላይ ቁሙና በሆዳችሁ ኮርቻው ላይ ተጋደሙ፣ 5 ሰከንድ፣ ውረዱ። አስር ጊዜ። በማግስቱም እንደዛ። ከቆመ፣ ከተነፈሰ፣ ጆሮው ከተንቀሳቀሰ እግራችሁን አሻግሩ፣ ኋላውን እንዳትረግጡት ከፍ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። አትንቀሳቀሱ፣ አትጩሁ፣ ፎቶ ሚያነሳውን ሰው አባሩት። ከዛ ያዡ አምስት እርምጃ ይሳብና ያቁም። ዛሬ በዚህ ይብቃ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ያዡ ቀስ በቀስ ገመዱን እያላላ እናንተ ትረከባላችሁ። ለመሄድ እግራችሁን ነካ፣ ሲሄድ እግር ይረፍ። ለመዞር አንዱን ዛብ ወደጎን ከፈት፣ ወደኋላ ሳይሆን። ለመቆም መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ትንፋሽ ልቀቁ፣ ከዛ ነው ዛቡ። ሶምሶማ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ግልቢያ ቁም ማለትን በሶምሶማ አስር ጊዜ ከአስር ጊዜ ሲያደርግ ብቻ። ጉግስ ምናምን ምትሉ ልጆች አንድ ዓመት ቆዩ ብያለሁ፣ ሌላ ፈረስ ወደሱ እየጋለበ ሲመጣ ማየት ለፈረስ ትልቅ ነገር ነው።

ከግቢ ውጭ መጀመሪያ ስትወጡ ሰው ማይበዛበት ጠዋት ይሁን፣ ከሌላ የተረጋጋ ፈረስ ጋር ከሆነ በጣም ጥሩ። ስትመለሱ የመጨረሻውን 10 ደቂቃ በእርምጃ፣ ፈረስ ወደ ቤት መሮጥ ከለመደ ማስተው ከባድ ነው። በሩ ጋ ወርዳችሁ ጠፍሩን ሁለት ቀዳዳ አላሉለት፣ እየሳባችሁ አስገቡት፣ ኮርቻውን አውርዳችሁ ላቡን እዩ፣ በባናው ደረቅ ጎን እሹት፣ ውሃ ስጡት፣ እግሮቹን አንሱና ጠጠር ፈትሹ። ቁርሳችሁን ከዛ በኋላ ብሉ።